የሴቶች ሰዓት በቃሪያ ሳምንት

ስላቬንካ ከሌስኮቫጽ ከተማ ወዲህ ባለችው ትንሿ ከተማችን ራዲዮ ማይክ ፊት መጀመሪያ ስትቀመጥ ፀጉሯ ጥቁር ነበር። አሁንም ጥቁር ነው፤ ጥቁረቱ ግን ከቀለም ነው። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ስታነብ የኖረችው አንድ ዓይነት ነገር ነው፦ «ለአያታችን ለአቶ ሚሉን ልደት ከልጅ ልጆቹ፣ ከአማቾቹና ከጎረቤቶቹ»፤ ከዚያ የጥሩምባ ሙዚቃ። የሞተ ሰው ስም፤ ከዚያ ጥሩምባ። የትራክተር ጎማ ማስታወቂያ፤ አሁንም ጥሩምባ።

በዚህ መስከረም ግን አንድ ሐሳብ እንቅልፍ ነሳት። ከቁርስ እስከ ምሳ ያለው ሰዓት ለሴቶች ይሰጥ። ዘፈኑ እነሱ የሚወዱት፣ ጨዋታውም የእነሱ ይሁን፤ ጥሩምባው ደጅ ይጠብቅ። ይህንኑ ለጣቢያው ባለቤት ለቲሆሚር ነገረችው።

«ስላቬንካ እህቴ፣» አላት ሲጋራውን እየለኮሰ፣ «የኛ ሴቶች ራዲዮ መች ይሰማሉ? ሲያወሩ አይደል እንዴ የሚውሉት!»

«የሚያወሩትማ አንተ የምታሰማቸውን ላለመስማት ነው!»

ቲሆሚር ሳቀ። ሲስቅ ክፉ ሰው አይደለም። «እሺ፣ እስከ ዓርብ ሞክሪ። ስልኩ ከጮኸ ሰዓቱ ያንቺ ነው። ዝም ካለ ግን ወደ አያት ሚሉን ልደት እንመለሳለን፤ ሁለተኛም እንዳታነሺብኝ።»

ሰኞ ጠዋት ስላቬንካ ሊፒስቲክ ተቀብታ መጣች። ለራዲዮ! ዘፈኖቹን የመረጠቻቸው ራሷ ናት፤ ሴት እቃ እያጠበች በወገቧ የምትከተላቸው፣ ሽንኩርት ሳትልጥ የምታለቅስባቸው። «እህቶቼ፣ ደውሉልኝ እንጂ!» ስትል ድምፅዋ ራሱ ሊዘፍን ምንም አልቀረው።

ስልኩ ዝም አለ። አንስታ ሰማችው፤ ይሠራል። ማክሰኞም ዝም። ረቡዕ ጮኸ፤ ስላቬንካም ወንበሩን ገልብጣ ዘለለችበት።

«ሄሎ፣ የሴቶቹ ራዲዮ ነው?» የወንድ ድምፅ፣ ያውም ጎርናና። «ያቺን የሰኞዋን… ስለ ዝናብ ምናምን የምትለዋን ድገሟት።» ዘጋው።

«የሴቶች ራዲዮ የመጀመሪያ ደንበኛ ጢም አለው!» ብሎ ቲሆሚር ሆዱን ይዞ ሳቀ። ሐሙስ ሌሎች ደወሉ፤ እነሱም ወንዶች። «ወንድ አይቆጠርም» አለ ቲሆሚር።

ዓርብ ረፋዱ ላይ ኮቱን ደረበና «ነይ፣» አላት። «ሁለት ሦስት ዘፈን ደርድሪና እንውጣ። ማንም እንደማይሰማሽ በገዛ ጆሮሽ አረጋግጪ። በኋላ ጨከነብኝ እንዳትዪ።»

ወጡ። ከመንገዱ እንደታጠፉ ጭስ ተቀበላቸው፤ የሚጠበስ ቀይ ቃሪያ ጭስ። በየግቢው የማገዶ ምድጃ ይነድዳል፣ ለክረምት የሚቀመጠው የቃሪያ ድልህ፣ አይቫር፣ ይሰናዳል። እንግዲህ ስላቬንካ የምትኖረው ፎቅ ላይ ነው፤ አይቫሯን በየዓመቱ የወንድሟ ሚስት በጠርሙስ ታመጣላታለች እንጂ በዕድሜዋ አንዲት ቃሪያ ጠብሳ አታውቅም። የሴቶችን ሰዓት በቃሪያ ሳምንት የሚጀምር ከእሷ በቀር ማን ይገኛል? ቲሆሚርም ቢሆን ማገዶ እንዳያሸክሙት በማለዳ ከቤት የሚጠፋ ሰው ነው።

ከመጀመሪያው ግቢ የስላቬንካ ዘፈን ይሰማል። ከሁለተኛውም። ስላቬንካ እርምጃዋን አፈጠነች።

«ሁለት ቤት ነው» አለ ቲሆሚር።

«ይሄኛውስ?»

«ጆሮዋ የማይሰማ አሮጊት ናት፤ ከፍታ ረስታው ነው።»

«አሮጊቷ እኮ እየዘፈነች ነው!»

እንዲህ እየተባባሉ ከራሱ ከቲሆሚር ግቢ ደረሱ። ሚስቱ ፐርሲዳ ከጎረቤቶቿ ጋር ገበታ ከባ ቃሪያ ትልጣለች፤ ራዲዮው መስኮቱ ላይ ተቀምጧል፤ ሁሉም አብረው ያዜማሉ።

ስላቬንካ አላስቻላትም። «ታዲያ ለምን አትደውሉልኝም?»

ፐርሲዳ እጆቿን አነሣች፤ እስከ ክርኗ በቃሪያ ልጣጭ ቀልተዋል። «በምኔ ልደውል፣ የኔ እመቤት? በአፍንጫዬ?»

ሴቶቹ አውካኩ። «ባሎቻችንን አስደውለን የለ!» አለች አንዷ። «ያ ጎርናናው የኔ ነው። ምን እንደሚል ቃል በቃል ነግሬው ግማሹን ዋጠው!»

ፐርሲዳ ወደ ባሏ ዞረች። «አንተስ? ማክሰኞ ማታ ምን ብዬ ላክሁህ? ‹ለስላቬንካ ንገራት፣ ከምሳ በኋላም ትቀጥልልን፣ የአይቫሩን ጠርሙስ ስንቀቅል ጥሩምባ አንችልም› አላልኩህም?»

«ቀልድ… መስሎኝ…»

«ቀልድማ አንተን ማግባቴ ነው!»

ይህን ጊዜ የተደረደረው ዘፈን አለቀ። ራዲዮው ጭጭ አለ። የዚህኛው ግቢ፣ የወዲያኛው፣ የመንደሩ ሁሉ ራዲዮ ባንድ ጊዜ ጭጭ።

«ምነው? ምን ነካት?» ብላ አንዷ ከአጥር ማዶ ጮኸች። «አንቺ፣ የናንተም ዝም አለ?» «ኧረ ሴትየዋን ምን አደረጓት?» መንደሩ ከዳር እስከ ዳር ተንጫጫ።

የጣቢያ ዝም ማለት ለራዲዮ ሰው ትልቅ ውርደት ነው። ስላቬንካ ግን አፏን ከፍታ ቆማ ጫጫታውን ሰማችው፤ በሥራ ዘመኗ እንዲህ የጣፈጠ ነገር ጆሮዋ ገብቶ አያውቅም።

«ምን ቆመሽ ትስቂያለሽ? ሩጪ እንጂ!» አለ ቲሆሚር። «የምዋረደው እኔ ነኝ!»

«ሰዓቱስ?»

«ያንቺ ነው አልኩ፣ ያንቺ! የከሰዓቱም! እሑድ ብቻ ጥሩምባዬን ተይልኝ!»

ጫማዋን አውልቃ በእጇ ያዘችና ቁልቁል ሮጠች። ቲሆሚርም ሊከተላት አንድ እግሩን ከበሩ እንዳወጣ፣ «አንተ ደግሞ ወዴት?» የሚል የፐርሲዳ ድምፅ ከኋላው መጣ። «ማገዶው አልቋል!»

ስላቬንካ ይህን አልሰማችም። በየደጁ ቀያይ እጆች እየተወዛወዙ «ቶሎ በይ!» ሲሏት በሳቅ እያለከለከች ታልፋለች፤ ከሰዓት የምትከፍታቸውን ዘፈኖች ከወዲሁ በልቧ ትደረድራለች።