ሃያ አንድ ቋጠሮና አንድ እጅጌ

ቀይ ቀለም የተቀባው ችካል በወጥ ቤቴና በመኝታ ቤቴ መካከል ባለው ግቢ በተተከለ ዕለት፣ ልጄ ኤልዳና ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሳህኖቹን ጆንያ ውስጥ ስከት አገኘችኝ።

"እማ፣ እነሱ ሳያፈርሱት አንቺ አፈረስሽው እኮ!"

"አንቺ ሳቂ" አልኳት።

አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። የምትስቀው የሚመጣውን ስለማታውቅ ነው። ቤታችን ካርታ የለውም። አባቷ በሕይወት ሳለ በመንደር ውል፣ በሦስት ሽማግሌዎች ፊት የገዛው ነው። ካርታ የሌለው ሰው ቤቱ ሲፈርስ ምትክ ቦታ አያገኝም ሲባል ሰምቻለሁ። የተማሪ ዩኒፎርም የምሰፋበት ማሽን የቆመው በረንዳው ላይ ነው፤ ሰዉም የሚያውቀኝ በዚያ በረንዳ ነው። ቤቱ ከሄደ እኛም አብረን ሄድን ማለት ነው።

የወጣቶች መዝናኛ ማዕከሉ ከጓሯችን ጋር አጥር ይጋራል። የነበረው አንድ የመረብ ኳስ ሜዳ ብቻ ነው፤ ወንዶቹም ሴቶቹም የመንግሥት ሠራተኞቹም በየተራ ይጋፉበታል። የቅርጫት ኳስ ሜዳ ሊጨመር ነው ተብሎ የጂንካ ሕዝብ ሲሰበሰብ እኔም አጨብጭቤ ነበር። በየት በኩል ይዘረጋል ብሎ የጠየቀ የለም። እኔም አልጠየቅሁም፤ የሜዳው ችካል ግቢዬ ገባ።

በማግስቱ ኤልዳና ከልምምድ ዓይኗ ቀልቶ መጣች።

"ምን ሆንሽ? ኳስ መታሽ?"

"ምንም አልሆንኩም። ዛሬ ዕጣው ፀሐይ ፊት ጣለን። ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ወደ ምዕራብ የዞረ ቡድን ኳስ አያይም። ትጊማ በአፍንጫዋ ነው የተቀበለችው።"

"አፍንጫዋ ተሰበረ?"

"እማ ደግሞ! እየሳቀች ነው የሄደችው። አዲሱንም ሜዳ እንደዚሁ ነው የለኩት። አሠልጣኛችን የሜዳው ርዝመት ከሰሜን ወደ ደቡብ መሆን አለበት ይላል። ግን ማን ይስማው?"

እጄ ጆንያው ላይ ቀረ። ሜዳው ከዞረ ወደ እኔ አይመጣም። ወደ ደቡብ ይሄዳል። በስተ ደቡብ ያለው ደግሞ የጋሼ ዶላሞ እንሰት ነው።

ጋሼ ዶላሞ የሰፈሩ የአሪ ሽማግሌ ነው። በውላችን ላይ ከፈረሙት ሦስቱ በሕይወት ያለው እሱ ብቻ ነው። ባለቤቴ የሞተ ጊዜ አጥሬን የጠገነልኝም እሱ ነው።

ሊነጋጋ ሲል ተነሣሁ። የልብስ ማስጫውን ገመድ ከፍየሏ ገመድ ጋር ቀጠልኩት። የኔ ሜትር የልብስ ሰፊ ነው፤ አንድ ሜትር ተኩል ብቻ ነው። በእሱ እየለካሁ ቋጠሮ አሰርኩበት። ሜዳው ከነዳሩ ሠላሳ ሁለት ሜትር ነው ብለው ነበር፤ ሃያ አንድ ቋጠሮ ሆኖ ግማሽ ሜትር ጎደለ። ለሱ የአንድ ተማሪ እጅጌ ያህል ጨመርኩበት።

ገመዱን ከማዕከሉ ጥግ ወደ ደቡብ ስዘረጋው ጫፉ እንሰቱ መሀል ገባ። አሥራ አንድ ትልልቅ እንሰቶች ቆጠርኩ። ትንንሾቹን አልቆጠርኩም። ያን ጊዜ አንድ ሰው ሲስል ሰማሁ። የጋሼ ዶላሞ ሳል ነው። ገመዱን ጥዬ ሮጥኩ። ፀሐይ ከወጣች በኋላ ተመልሼ ባይ ገመዱ የለም።

ያን ዕለት ነገሩን መተው እችል ነበር። አልተውኩም፤ ሜዳውን የሚያሠራው ቢሮ ሄድኩ። ኢንጂነሩ ሕዝቅኤል የሚባል፣ ከሌላ አካባቢ ተመድቦ የመጣ ወጣት ነው። ስለ ፀሐይዋ ስነግረው እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

"እርስዎ ኳስ ይጫወታሉ እንዴ?"

"እኔ እንኳን ኳስ፣ ደረጃ ስወርድም እፈራለሁ። ልጄ ናት።"

ሳቀ። ከዚያ ፕላኑን አዙሮ አየው። "በደቡብ በኩል ምን አለ?"

"አትክልት ነው" አልኩ። "ቤት የለበትም።"

እንሰት አላልኩም። ጋሼ ዶላሞም አላልኩም።

በአሥራ አንድ ሰዓት ኢንጂነሩ መጥቶ ሜዳው ላይ ቆመ። ልጆቹ ኳስ ሲልኩለት በማኅደሩ ዓይኑን ከለለ፤ ኳሱ ትከሻውን መትቶት አለፈ። በሦስተኛው ቀን ችካሎቹ ተነቀሉና ወደ ደቡብ ተተከሉ። እኔ ግቢ የቀረው ጉድጓዱ ብቻ ነው። ኤልዳና ሳህኖቹን ከጆንያ አውጥታ ደረደረች። እኔ ጆንያውን አጣጥፌ ቅርብ ቦታ አስቀመጥኩት።

ከዚያ በኋላ በጋሼ ዶላሞ በር ማለፍ አቃተኝ። ወደ ገበያ በዙሪያ መንገድ እሄድ ጀመር። ውሉን አላውቀውም፣ አልፈረምኩም ቢል ምን ይቀረኛል? ይረግመኛል አልኩ። ይከሰኛል አልኩ። ማሽኑ ላይ ተቀምጬ የአንዱን ሸሚዝ እጅጌ ከሌላው ሸሚዝ ጋር ሰፋሁ።

ቅዳሜ ጠዋት በረንዳዬ ላይ መጥቶ ቆመ። ገመዴ ተጠቅልሎ ክንዱ ላይ ነው።

"የኤልዳና እናት፣ ገመድሽን አመጣሁ።"

ቁጭ በል ማለት እንኳ ጠፋኝ።

"ሃያ አንድ ቋጠሮ ቆጠርኩ" አለ። "ይቺ ትርፏ ምንድን ናት?"

"እጅጌ ናት። ግማሽ ሜትር።"

"በደንብ ለክተሻል። ኢንጂነሩ ልጅ በብረት ሜትሩ ሲለካ ካንቺ ጋር እኩል ነው የመጣው።"

"ጋሼ ዶላሞ፣ የነገርኳቸው እኔ ነኝ። አትክልት ነው አልኳቸው።"

"አውቃለሁ።" በረንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ጉልበቱን በሁለት እጁ ያዘ። "ያን ጠዋት የሳልኩት እንድትጠሪኝ ነበር። ሰው ብቻውን በገመድ አይለካም፣ ገመዱ ይጣመማል። ብትነግሪኝ ጫፉን እይዝልሽ ነበር። አንቺ ሮጥሽ።"

ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር፤ ለቁጣው ተዘጋጅቼ ነበር።

"ትልልቆቹን እንሰቶች ሴቶቹ ለቆጮ ይፍቋቸዋል" አለ። "ጊዜያቸው አልደረሰም። ቆጮው ትንሽ ነው የሚሆነው። እነሱ ሄደዋል። ትንንሾቹ ግን ቦታ ካገኙ ይይዛሉ። እንሰት ከልጅነቱ ጀምሮ እየተነቀለ እየተተከለ ነው የሚያድገው።" ከዚያ ወደ ጓሮዬ አየ።

"ጓሮውን ውሰደው" አልኩት። "ሁሉንም ውሰደው።"

"ሁሉንም ምን አደርገዋለሁ? ልብስሽን የት ልታሰጪ ነው?"

ከሰዓት በኋላ የኤልዳና ቡድን ችግኞቹን ከነአፈራቸው እየተሸከመ አመጣ። ትጊ አፍንጫዋ ላይ ፕላስተር ለጥፋ፣ ከሁሉም በላይ እየጮኸች ትሠራለች። የመጀመሪያውን እንሰት ጋሼ ዶላሞ ችካሉ በነበረበት ጉድጓድ ውስጥ አቆመው። "ግማሹን ቆፍረውልናል" አለ።

ለመደዳው መለኪያ ገመዱን ዘረጋና አንዱን ጫፍ ለእኔ ሰጠኝ። በየሁለት ቋጠሮው አንድ ልንተክል ነው። ጀርባዬ ያመኛል፤ ሦስት ሌሊት አልተኛሁም። በአጥሩ ማዶ ለአዲሱ ሜዳ ድንጋይ እየተራገፈ ነው።

"ጋሼ ዶላሞ፣ ነገ ደግሞ ሌላ ሜዳ እንጨምር ቢሉስ?"

"ይሉ ይሆናል" አለ። ቀና አላለም። "ገመዱን አታላዪው፣ ይጣመማል።"

ጫፉን በሁለት እጄ ያዝኩ።