ማሳ ያጣው ተሳቢ

ዓዲላ በተሳቢው መጎተቻ ብረት ላይ ቁጭ ብላ አልነሳም አለች።

"ያለ መብራት የምትሄድ ከሆነ በላዬ ላይ እለፍ።"

ልጇ ሙሀመድኑር የትንሿን አሮጌ መኪና በር ተደግፎ ፀሐይዋን አየ። የዐስር ሶላት አልፏል። ተሳቢው ላይ አራት ኩንታል ማሽላ ተጭኗል። ነገ ሰኞ የባቲ ገበያ ነው፤ አሁኑኑ ከከሚሴ ካልተነሳ ኮምቦልቻ ሳይደርስ ይመሽበታል።

"እማ፣ የመኪናዋ የፊት መብራት ደህና ነው እኮ።"

"የፊቱን ማን ጠየቀህ? አባትህን የመታው ከፊት ነው?"

አባቱ እንድሪስ የዛሬ ሁለት ዓመት ይህንኑ ተሳቢ እየጎተተ ከጨፋ ሲመለስ፣ ማምሻው ላይ ጎማ ሊቀይር ቆመ። ተሳቢው ያኔ መብራት አልነበረውም። ከኋላ የመጣው የጭነት መኪና አላየውም። ዓዲላ ሐዘኗ ሳይወጣ ነው መብራት ያስገጠመችለት። ዛሬ ደግሞ መብራቱ አብዷል።

የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ፈቃደ ከቀትር ጀምሮ ተሳቢው ሥር ተጋድሟል። አምፖሉን ቀየረ፤ ፊውዙንም ቀየረ።

"ፍሬን ያዝ!"

ሙሀመድኑር ገብቶ ረገጠ። የፍሬኑ መብራት ሊበራ ሲገባው ግራና ቀኝ ያሉት ፍሬቻዎች ጭል ጭል አሉ።

"ቁም ሲሉት የሚታጠፍ!" አለች ዓዲላ። "ይኼ መብራት ነው ወይስ የኔ ምራት?"

ፈቃደ ጀርባውን እያራገፈ ተነሳ። "ማሳ የለውም፣ እማማ ዓዲላ።"

"አፈር ብላ! ጨፋ ላይ ሁለት ጥማድ ማሳ አለን። ማሽላው ከሰማይ የወረደ መሰለህ?"

ፈቃደ አልሳቀም። "የመብራቱን ማሳ ነው የምልዎት። ኃይሉ በሽቦ ሄዶ አምፖሉን ካበራ በኋላ በብረቱ በኩል ወደ ባትሪው ይመለሳል። መመለሻውን እኛ ማሳ እንለዋለን። መመለሻ ሲያጣ በማይሆን መንገድ ይዞራል።"

"መመለሻ ሲያጣ" አለች ዓዲላ፣ ቀስ ብላ።

ፈቃደ ረጅም ሽቦ አምጥቶ ከመኪናዋ ባትሪ እስከ ተሳቢው ጭራ ዘረጋ። ሙሀመድኑር ፍሬን ሲይዝ ሁለቱም መብራቶች ቦግ አሉ።

"በቃ!" አለ ሙሀመድኑር። "በዚችው ልሂድ። በፕላስተር እሰርልኝ።"

"መንገድ ላይ ብትበጠስስ?" አለች እናቱ።

"ቢስሚላህ ብዬ እሄዳለሁ።"

"አባትህም ቢስሚላህ ብሎ ነበር የወጣ።"

ፈቃደ ከተሳቢው ጭራ ዘንድ ቁጢጥ ብሎ ከመብራቱ አጠገብ ያለውን ቡሎን በጣቱ ነካ።

"የማሳው ሽቦ እዚህ ነው የታሰረ። ስገጥመው ብረቱን ፍቄ ነበር። አሁን ከሥሩ ቀለም ገብቷል፤ ቀለም ደግሞ ኃይል አያሳልፍም። ማነው ያስቀባው?"

ሙሀመድኑር እናቱን አየና አንገቱን ደፋ።

ያስቀባችው እሷ ናት፣ ባለፈው ወር። ተሳቢው ቀይ ነበር። ጭራው ላይ የጭነት መኪናው ነጭ ቀለም ተለጥፎ የቀረበት ጠባሳ ነበረው። በየማለዳው ከቤት ስትወጣ እሱ ነው የሚቀበላት። ቀለም ቀቢ ጠርታ፣ "አረንጓዴ አድርግልኝ፤ ምንም እንዳይታየኝ" አለችው። ሰውየው ቡሎኑን ፈትቶ፣ ቀብቶ፣ መልሶ አሰረው።

ዓዲላ በዕድሜዋ "ተሳሳትኩ" የሚል ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም።

"ቀለም ቀቢው ደደብ ነው" አለች። ከዚያ ከመጎተቻው ተነስታ፣ ወደ ጭራው ሄዳ የፈቃደን ብርጭቆ ወረቀት ከእጁ ነጠቀችው።

"ይተዉ እማማ፣ እኔ እፍቀዋለሁ።"

"እጅ አለኝ። አንተ ቡሎኑን ፍታ።"

ፈተገች። አረንጓዴው ዱቄት ቀሚሷ ላይ ረገፈ። ከሥሩ የእንድሪስ ቀይ ወጣ። ቀጥሎ ቀጭን ነጭ መስመር ታየ፤ እጇ ቆመ። አንድ ጊዜ ተነፈሰችና ብረቱ እስኪያብለጨልጭ ፈተገችው። ፈቃደ ሽቦውን አጥብቆ አሰረ፤ ውሃ እንዳይበላውም ግራሶ ለቀለቀበት።

"ፍሬን!"

ሁለቱ ቀይ መብራቶች እኩል በሩ።

"አልሐምዱሊላህ" አለ ሙሀመድኑር። ዞሮ መጥቶ የተፋቀውን ሲያይ ግን ፊቱ ጠቆረ። "እማ፣ ጠባሳው ወጥቷል። ከባቲ ቀለም ገዝቼ መጥቼ እሸፍንልሻለሁ።"

"ዺሲ! ተወው። ማንም እንዳይነካው።"

መኪናዋ ተነሳች። ዓዲላ ከኋላ መንገዱ መሃል ቆመች።

"ኢልመኮ! ልጄ!" ብላ ጮኸች። "እስከ መታጠፊያው ፍሬን እየያዝክ ሂድ። ልየው።"