ጤዛ ሳይረግፍ

…ሦስት ሰዓት ብቻ የቆየ እግር እንዲህ አይቀዘቅዝም፣ ኧረ በፍጹም፣ የታማሚዋ ባል የቀዶ ጥገናው ክፍል በር ላይ ቆሞ በአምስት ሰዓት ነው ዶክተር፣ ቡና ሥር ስትመነጥር አዳልጧት ገጀራው ላይ ወደቀች አለኝ፣ ዓይኔን ሳያይ፣ አሁን ስምንት ሰዓት ነው፣ ከአምስት እስከ ስምንት ሦስት፣ ሂሳቡ ልክ ነው፣ እግሯ ግን እንደ ወንዝ ድንጋይ ቀዝቅዟል።

ውሸታም። ፈርቶ ነው። ስድስት ሰዓት ደም ያጣ እግር ይቆረጣል ያለው ሰው አለ፣ ዱመርሶ ጤና ጣቢያ ይሁን መንገድ ላይ፣ ብቻ ሰምቷል። ጭኗን በቃጫ ጥፍር አድርጎ አስሮ ነፍሷን አተረፈ፣ እግሯን ግን ደም ከለከለው፣ ቃጫውን ቆርጬ የደም ሥሩን በብረት መቆንጠጫ ይዤዋለሁ፣ እየሰፋሁ ነው፣ ከፀጉር በቀጠነ ክር፣ ቀስ፣ ቀስ በይ ሮሆቦት፣ እላለሁ ለራሴ።

ከምሳ በፊት ዲላ ዩኒቨርሲቲ አዳራሽ ውስጥ ነበርኩ፣ ተማሪዎቹ ፊት፣ አስተዋዋቂው ወረቀቱን እያነበበ፣ የልብና የደም ሥር ቀዶ ሐኪም፣ አዲስ አበባ ይህን ያህል ዓመት፣ ህንድ ይህን ያህል፣ ከቡና ነጋዴ ቤተሰብ የተወለደች፣ ጭብጨባ፣ ከዚያ ስልክ ከሆስፒታሉ፣ ቶሎ ድረሽልን።

የማን ልጅ ነሽ አንቺ?

ከመጋረጃው ወዲያ፣ ታማሚዋ፣ እማማ አልጣሽ፣ ከወገብ በታች ብቻ ነው የደነዘዙት። ይረጋጉ እማማ፣ ሐኪም ነኝ፣ ከአዲስ አበባ። መቼ ነው የወደቁት?

ባሌ ነግሮሻል። የማን ልጅ ነሽ ግን?

ስትጠይቀኝ ሦስተኛ ጊዜዋ ነው። ዲግሪ አታውቅ፣ ህንድ አታውቅ። ሦስት ሰዓት ከሆነ ሰፍቼ እዘጋለሁ። ሰባት ከሆነ ጡንቻው መርዝ አጠራቅሟል፣ ደሙን ስለቀው መርዙ ቀጥ ብሎ ልቧ ላይ ነው፣ እኔ የልብ ሐኪሟ በገዛ እጄ ልቧን አቆማለሁ።

ነጋዴ። ወረቀቱ ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ማንም አላስገደደኝም፣ ዩኒቨርሲቲ የገባሁ ቀን አባትሽ ምንድነው ሲሉኝ ቡና ላይ ነው የሚሠራው አልኩ፣ እሷ ቃል አድጋ አድጋ ነጋዴ ሆነች። አባዬ መጋዘን ውስጥ፣ ጣቶቹ በሲባጎ ተቆራርጠው፣ የጆንያ አፍ እየሰፋ፣ ነይ ያዢ፣ ሳቢ፣ አታጥብቂ፣ ሲጠብቅ ይበጠሳል። አፈርኩበት። እስኪሞት አፈርኩበት።

የበቀለ ልጅ ነኝ። ፍስሐ ገነት ከተማ፣ ቡና መጋዘኑ ውስጥ ጆንያ ይሰፋ የነበረው።

ማደንዘዣ ሰጪው እዮብ ቀና ብሎ ያየኛል። ይየኝ።

በቀለ ረጅሙ? ወይኔ ልጄ! የኛን ቡና እሱ ነበር የሚሰፋው እኮ። በቀለ የሰፋው አይፈታም።

ክሩን ስቤ እቋጥራለሁ። እናቴ፣ ለበቀለ ልጅ እውነቱን ይንገሩኝ፣ ማንም አይቆጣዎትም፣ መቼ ነው?

የልብ ምቷን የሚቆጥረውን ማሽን አያለሁ፣ ቢፕ፣ ቢፕ።

ጤዛው ነው ያዳለጠኝ፣ ልጄ። ጤዛ ሳይረግፍ ነው የወጣነው። ይቆርጡሻል ብሎ ነው እሱ የዋሸው፣ አትቆጪው።

ማለዳ ነው እንግዲያ፣ እግሯ ደም ካጣ ሰባት ሰዓት። ከሰባትም በላይ። እዮብ፣ የልቧን መድኃኒት አዘጋጅ፣ ካልሲየም፣ አሁኑኑ፣ እኔ ባቷን በሁለት በኩል እከፍታለሁ፣ ያበጠው ጡንቻ ይተንፍስ፣ ባልከፍተው ታንቆ ይሞት ነበር፣ በባልየው ውሸት፣ በእኔም ነጋዴ በምትለው ቃል።

ዝግጁ ነህ? ዝግጁ።

ብረቱን ላላ አደርጋለሁ። ትንሽ። ትንሽ። ማሽኑ ላይ መስመሩ ይሰፋል፣ ይንቀረፈፋል፣ ቢፑ ይዘገያል፣ እዮብ ይወጋል፣ በለው፣ ጨምር፣ እማማ፣ እማማ አልጣሽ ያናግሩኝ፣ አለሁ ልጄ፣ ትላለች፣ መስመሩ ይጠባል፣ ይፈጥናል፣ ተመለሰች።

ስፌቱ ደረቅ ነው፣ ጠብ የሚል የለም። ጣቴ እግሯ ጀርባ ላይ የደም ትርታ ይፈልጋል፣ ምንም፣ እጫናለሁ፣ ምንም፣ አባዬ ምንም የለም፣ አታጥብቂ ይለኛል፣ ጣቴን አላላለሁ፣ እጠብቃለሁ፣

ትር።

ደግሞ፣ ትር።