ጠባቧ ጥቁር ሳጥን

ኣስካል የኢህሳንን እጆች ማየት ካስጠላት ቆይቷል። ሓድነት ሰፈር ባለው የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤቷ ሌላው ሠራተኛ ሁሉ ማውስ ይዞ ሲሠራ፣ ይህ የወሎ ልጅ ሁለት ቁልፍ ተጭኖ ስክሪኑ ላይ ራሱ ያዘጋጃትን ጠባብ ጥቁር ሳጥን ይከፍታል፤ ትእዛዙን ይጽፋል፤ ኢንተር። ማተም በሳጥኗ፣ መገልበጥ በሳጥኗ። ቀትር ላይ የደንበኞችን ፎልደር ጠርጎ ማጥፋትም በሳጥኗ ነው፤ የሰው መታወቂያ በማሽኑ እንዳይቆይ የቤቱ ደንብ ነው።

«ዋእ! ጠንቋይ ነው እንዴ የቀጠርኩት?» አለች ዛሬም። «ነገ እንዳትመጣ። የእህቴ ልጅ ይገባል። ይቺን ሳጥንህን ግን አሳይተኸኝ ሂድ።»

ኢህሳን አልደነገጠም። የዩኒቨርሲቲ መምህርቷ ራሄል ጥናቷን ዛሬ ካደረሰላት፣ ለትምህርት ክፍሏ ኮምፒውተሮች ሠራተኛ ሲፈለግ ስሙን ልትሰጥለት ቃል ገብታለች። ከቀትሩ ጠረጋ ወዲህ ለሳጥኗ ሌላ ትእዛዝ ሳይሰጥ የእጅ ጽሑፏን ሲተይብ ውሎ አሁን ጨርሶ በደንበኞች ፎልደር አስቀምጦታል።

«ሁለቱን ቁልፍ ይጫናሉ፣ እትዬ ኣስካል፤ ትከፈታለች። ግን ምንም ሳይጽፉ ኢንተር ካሉ መጨረሻ የታዘዘችውን ደግማ...»

«ገባኝ! ኣንታ፣ ልታስተምረኝ አማረህ? ተነስ ከወንበሬ!»

ተነሳ። በዚያው ራሄል ገባች።

«ደረሰልኝ?»

«አሁን አትሜ እሰጥሻለሁ» አለች ኣስካል፣ ደረቷን ነፍታ። ሁለቱን ቁልፍ ተጫነች። ሳጥኗ ባዶዋን ተከፈተች።

ኢህሳን ጣቷ ወደ ኢንተር ሲሄድ አየ። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። «ትቅመሰው» አለ በሆዱ። ፎልደሩ ውስጥ ያለው የራሄል ጥናት መሆኑ ትዝ ያለው ጣቷ ካረፈ በኋላ ነው።

«የት አባቱ ገባ?» አለች ኣስካል።

«ተጠረገ» አለ ኢህሳን። «በሳጥኗ የጠፋ ወደ ኮምፒውተሩ ቅርጫት አይገባም፤ አይመለስም።»

«አንተ ነህ ያጠመድክልኝ!»

«ልነግርዎ ስል አቋረጡኝ።»

ራሄል የምታየው ኣስካልን አልነበረም።

«ጣቷ ሲወርድ እያየህ ነበር አይደል?»

ኢህሳን ዓይኑን ወደ ቁልፎቹ መለሰ።

«የትምህርት ክፍሌን ኮምፒውተሮች ላንተ ላስረክብ ነበር እኮ» አለች፤ የእጅ ጽሑፏን ከጠረጴዛው ሰብስባ ብብቷ ሥር ወሸቀች። «ሌላ ቤት ይተይቡልኛል።» ወጣች።

«አንተም ውጣልኝ!» አለች ኣስካል።

ጃኬቱን አነሳ። በሩ ጋ ሲደርስ ከኋላው ቁልፎቹ ሲጫኑ ሰማ፤ ኢንተር፣ ደግሞም ኢንተር። የጠፋውን የምትመልስ መስሏት ነው። አልነገራትም። ከእንግዲህ የሚጠፋ ነገር አልቀረም።