የሽማግሌው ግራ እግር

ማንም አላስተማረኝም። ይህን የምጽፈው እንዲታዘንልኝ ሳይሆን እንዲታወቅልኝ ነው። የባለ ሰንሰለት ትራክተርን እግር የተማርኩት ሥሩ ተኝቼ፣ ግራሶ ዓይኔ እየገባ ነው። ብረት በየት በኩል እንደታሸ፣ ምን እንደገፋው፣ ምን ያህል ችሎ እንደኖረ ፊቱ ላይ ይነበባል። ሲጠይቁት እንደ አጎቴ ዙሪያ ጥምጥም አይሄድም።

አጎቴ የእናቴ የመጨረሻ ወንድም ነው፤ አዝላ ያሳደገችው። ሥራው ብየዳ ነው። ሰፈሩ «ጥይት» ይለዋል፤ ጠዋት ተጠርቶ ከምሳ በፊት ደርሶ ስለማያውቅ። ብየዳው ግን እንደ ጥልፍ ነው። እሱ ፊት ይህን ከምናገር ምላሴ ይቆረጥ።

ትራክተሩ የእናቴ ነው። እኛ ቤት «ሽማግሌው» ይባላል። ቀለሙ አንድ ወቅት ቢጫ እንደነበር እናቴ ስለነገረችን ብቻ አምነን ተቀብለናል። ሌላ ኦፕሬተር ሲመላለስበት የሚውለውን መሬት እሷ አንዴ ሄዳ አንዴ ተመልሳ ጠረጴዛ አስመስላ ትተወዋለች። ልጅ ሆኜ አጥር ላይ ተንጠልጥዬ ሳያት፣ ያ ሁሉ ብረት በነዳጅ መሄዱን ትቼ በእሷ ፈቃድ የሚሄድ ይመስለኝ ነበር።

ዝናቡ እንዳቆመ ሰሞን የኩሬውን ግድብ ስትደለድል የግራው ሰንሰለት ተዳፋቱ ላይ ወለቀ። ሽማግሌው ወደ ውሃው መንሸራተት ጀመረ። ሌላ ሰው ቢሆን ዘሎ ይወርድ ነበር። እሷ ግን አፈር የሚገፋውን የፊቱን ብሌድ መሬት ውስጥ ሰክታ ጠርዙ ላይ አቆመችው። ከዚያ ቀስ ብላ ወረደች፤ እጇን ቱታዋ ላይ ጠረገችና «እጄ ነው፤ አርጅቷል» አለች። ከዚያ ወዲህ ወንበሩ ላይ አልወጣችም።

አጎቴ ሌላ ኦፕሬተር አነጋገረ። የሽማግሌው እግር ተገጥሞ እንዳለቀ ሰውየው መጥቶ ወንበሩን ሊረከብ ነው።

«ጥሩ አደረግህ» አለችው እናቴ። ይህን ስትል የሻይ ብርጭቆዋን ደጋግማ ታዞረው ነበር፤ ሻዩን ግን አልጠጣችም።

እኔ ሽማግሌው ከግድቡ ተጎትቶ ወደ ገባበት የግቢያችን ጋራዥ ሄጄ ክሪኩን ከሥሩ አስገባሁ።

የግራውን እግር ብትንትኑን አወጣሁት። ሰንሰለቱን መሬት ላይ ዘረጋሁ፤ ሰንሰለቱ ላይ የሚንከባለሉትን የታች ሮለሮች አንድ በአንድ ፈትቼ በናፍጣ አጠብኩ። የፊተኛውን መንኮራኩር ለማውረድ አጎቴን ጠራሁ። እሱም በስሙ ፍጥነት ከሰዓት በኋላ መጣ።

«እዚህ ና፣ ይህን በጣትህ ዳስስ» አልኩት። የመንኮራኩሩ ከንፈር በአንድ ጎኑ ብቻ ተበልቶ ቢላዋ ሆኗል። የሰንሰለቱም ጎን እንደዚያው። ሌላው ጎን ገና ጤነኛ ነው።

«አሮጌ ነዋ፤ ይበላላ።»

«አንተም አሮጌ እየሆንክ ነው፤ በአንድ ጎን ብቻ ተበላህ እንዴ?»

«አንቺ ምላሳም! ባል አታገኚም።»

«ያገኙትንም እያየሁ ነው።»

ሜትር አመጣሁ። የማሽኑ ሁለት እግሮች እንደ ባቡር ሐዲድ ጎን ለጎን መሄድ አለባቸው፤ በመካከላቸው ያለው ስፋት ከኋላም ከፊትም እኩል መሆን አለበት። ለካን። ከፊት በኩል ሦስት ጣት ይሰፋል። የግራውን እግር ከመካከለኛው አክስል ጋር አቅፎ የሚይዘው ሰያፍ ክንድ፣ መያዣው ውስጥ ያለው ነሐስ አልቆ እንደ ላላ ጥርስ ይወዛወዛል። ሽማግሌው የግራ እግሩን ወደ ውጭ ከፍቶ፣ እንደ ዳክዬ ሲሄድ ነው የኖረው።

እናቴን ከቤት ጎትቼ አመጣኋት። ሲባጎ ከኋላው ባለ ጥርስ ጎማ መሐል እስከ ፊት ወጥሬ አሳየኋት።

«እይ። እጅሽ አይደለም። ሰንሰለቱ እንዲህ ተጠማዞ እየሄደ አንድ ቀን መውለቁ አይቀርም ነበር።»

ሲባጎውን ረጅም ጊዜ አየችው። «ልታጽናኚኝ ነው» አለች።

«እኔ ሰው አጽናንቼ አውቃለሁ?»

«እሱስ አታውቂም» አለ አጎቴ ከኋላ።

እናቴ ልትስቅ ፈለገችና ተወችው። «ይህን ማሽን ቀጥ አድርጌ ስነዳው ኖሬያለሁ። እንደምትዪው ጠማማ ቢሆን አላውቀውም ነበር?» ብላ ወደ ቤት ገባች። ሲባጎውን ጠቅልዬ ኪሴ ከተትኩ።

እንግዲህ ገጠምኩት። አጎቴ የተበላውን ክንድ በብየዳ ሞልቶ፣ ሞርዶ፣ አዲሱን ነሐስ በልኩ አስገባው። በመዶሻ ሲመታው ድምፁን ሰማሁ፤ መጀመሪያ ደረቅ ነበር፣ ቦታው ሲደርስ ደወል ሆነ። ሥራዬን ትቼ አየሁት። «ምን ታፈጫለሽ?» አለኝ። «ዝንብ አለብህ» አልኩት።

ሮለሮቹ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደሉም። አንዳንዱ ሰንሰለቱን ከውጭ ብቻ ይይዛል፣ አንዳንዱ ከሁለቱም በኩል። ተራቸው ከተዛባ ሰንሰለቱ ይነክሳል፤ ስለዚህ ሁለቱን ጫፎች ባለ አንድ ከንፈሮቹ ያዙ፣ ባለ ሁለቶቹ መሐል ገቡ። የፊቱን መንኮራኩር ከጎኑ ስስ ላሜራ እየጨመርኩ፣ እየቀነስኩ፣ ሲባጎው ሳይነካው ሳይርቀው እንዲያልፍ አደረግኩ። ጨርሼ ስመለከት አጎቴ ሰንሰለቱን መሬት ላይ ዘርግቶ በኩራት ይጠብቀኛል።

«አዙረው» አልኩት።

«ምኑን?»

«ጀርባውን ወደ ፊት አድርገህ ዘርግተኸዋል። ካልሲ ቢሆን ማንም አያይብህም ነበር።»

ይህ ሁሉ ብረት ነው፤ አጎቴ እየተሳደበ፣ እየማለ፣ ከኔ ጋር በክሬን አዞረው። ሽማግሌውን ወደ ሰንሰለቱ አስጠግተን፣ ጫፉን በኋላው ባለ ጥርስ ጎማ ላይ አዙረን፣ ሁለቱ ጫፎች ሲሳሳሙ ማያያዣውን ፔርኖ መታሁት። በግራሶ ፓምፕ ወጠርኩት። ከላይ ጣውላ አጋድሜ እርግበቱን ለካሁ፤ ልክ ነው። ከፊትና ከኋላ ያለው ስፋት እኩል ነው። ጋራዡ ውስጥ አንድም ጠማማ ነገር አልቀረም፣ ከአጎቴ ቀልድ በቀር።

ከጋራዡ በር አንስቶ አሮጌ ጎማ እስከተከመረበት የግቢው ጥግ ድረስ በኖራ ቀጥ ያለ መስመር አሰመርኩ። ከዚያ እናቴ ፊት ቆምኩ።

«አንዴ ብቻ። ይህን መስመር ይዘሽ ሂጂ። ካልሆነ ሰውየው ይምጣ፣ ዳግመኛ አልነዘንዝሽም።»

«አትነዘንዢኝም?»

«አልነዘንዝሽም።»

«ለዚህማ እወጣለሁ» አለች።

ወጣች። ሞተሩ አስሎ ተነሳ። ሽማግሌው መስመሩ ላይ ጥቂት እንደሄደ አፍንጫው ወደ ቀኝ ዞረ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ወደ ቀኝ። ኖራውን ጥሎ ወደ አጥሩ ሲያቀና እናቴ ፍሬን ያዘች።

አጎቴ ሆዱን ይዞ ይስቃል። «ድሮ በግራ ያነክስ ነበር፤ አንቺ አክመሽ በቀኝ እንዲያነክስ አደረግሽው! ዶክተር!»

እናቴ አልሳቀችም። ሞተሩን አጥፍታ ወረደች። «ተዪው ልጄ። ብረቱን አታልፊው። ጥፋቱ ከወንበሩ በላይ ነው።»

ሲባጎዬን ይዤ ሥሩ ገባሁ። ከኋላ ለካሁ፤ ከፊት ለካሁ። የቀኙን እግር ለካሁ። የፀጉር ያህል አልተዛነፈም። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ትክክል መሆኔ አስፈራኝ። ብረቱ ልክ ከሆነ እጇ ነዋ።

ከሥሩ ስወጣ ወደ ቤቱ እየሄደች ነበር። ጀርባዋን አየሁ። እንደዚህ ጎብጦ አይቼው አላውቅም።

«እማዬ! አንድ ጊዜ ጨምሪልኝ።»

«አልነዘንዝሽም ብለሽኝ አልነበር?»

«ዋሸሁ። ውጪ።»

አጎቴ እንኳ «እትዬ፣ በቃ ውጪላትና ትገላገይ» አለ። ይህን ጊዜ እኔም አብሬያት ወጣሁ፤ ከወንበሩ ጎን ቆሜ ብረቱን ትቼ እሷን ማየት ጀመርኩ። ዓይኗን ወደ ፊት ተክላለች። እግሮቿ ፔዳሎቹ ላይ ናቸው። ግራ እጇ ጭኗ ላይ አርፏል። ቀኝ እጇ ደግሞ ማሽኑን ወደ ቀኝ በሚያዞረው ዘንግ፣ በቀኙ ሌቫ ላይ ነው፤ ትንሽ እንደሄድን ሁለት ጣቶቿ ሌቫውን ሳብ አድርገው ለቀቁት። ሽማግሌው ወደ ቀኝ ዞር አለ። ጥቂት ቆይታ ደግማ ሳብ።

«ለምን ሳብሽው?»

«ምኑን?»

«የቀኙን ሌቫ!»

«አልነካሁትም።»

«እማዬ፣ እያየሁሽ!»

«አልነካሁትም አልኩሽ እኮ!» ስትለኝ ጣቶቿ ደግመው ሳቡት። እሷ ራሷ አየቻቸው። የሌላ ሰው እጅ ጭኗ ላይ ያገኘች ያህል ደነገጠች።

ማሽኑን አስቁሜ ወደ መስመሩ መነሻ አስመለስኳት። «አሁን ሁለቱንም እጅሽን አንሺ።»

«አብደሻል?»

«የፍሬኑ ፔዳል እግርሽ ሥር ነው። አንሺ!»

ዘራፊ እንደመጣበት ሰው ሁለቱንም እጆቿን ወደ ላይ አነሳች። ሽማግሌውም ሄደ። ከጋራዡ በር ተነስቶ፣ ነጩን መስመር በሁለቱ ሰንሰለቶቹ መካከል አድርጎ፣ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ሳይል፣ እስከ ጎማው ክምር ድረስ ሄደ። አጎቴ ከፊታችን ወደ ኋላ እየተራመደ አፉን ከፍቶ ነበር፤ መሳቅ ረስቷል።

ያን ጊዜ ገባኝ። የግራው እግር በዓመታት ውስጥ ቀስ በቀስ ሲጣመም፣ እጇም ለእሷ ሳይነግራት ቀስ በቀስ ሲያቃናው ኖሯል። ያ ሁሉ ጠረጴዛ የመሰለ መንገድ፣ ያ ሁሉ እርሻ፣ ያ ሁሉ ግቢ በሸፋፋ እግር ነው የተደለደለው። እኔ ሲባጎ ወጥሬ፣ ሜትር ይዤ፣ ላሜራ ቆጥሬ ያገኘሁትን ሦስት ጣት እሷ ስታወራ፣ ስታዛጋ፣ ስለ ምሳ ስታስብ በሁለት ጣት ስትመልሰው ኖራለች። እኔ ራሴን ጎበዝ ነኝ የምል ሰው ነኝ። ዛሬም እላለሁ። ግን ከዚህ ጎን ሲያስቀምጡት ምን ይባላል?

ሁሉንም ነገርኳት፤ በሞተሩ ድምፅ ላይ እየጮህኩ። እናቴ ቀኝ እጇን ገልብጣ መዳፏን አየች፤ ከዚያ ጀርባውን።

«ታዲያ አሁን ይህን እጅ ምን ላድርገው? ካልሳበ አያርፍም።»

«እስኪረሳ ድረስ ተቀመጪበት።»

እውነትም ተቀመጠችበት። ቀኝ እጇን ከጭኗ ሥር ሸጉጣ፣ በግራ እጇ ብሌዱን አነሳች። አጎቴ ጎን ለጎን እየሮጠ፣ «እትዬ! ሰውየውን ምን ልበለው?» አላት።

«ወንበሩ ሰው አለበት በለው!»

እኔ ወርጄ የግቢውን በር ከፈትኩ። ወደ ግድቡ የሚወስደው መንገድ በቀኝ ነው። በሩ ጋ ስትደርስ እጇን ከሥሯ አወጣች፣ ሌቫውን አንዴ ሳበች፣ ለቀቀች፤ ሽማግሌው ዞረ። ከዚያ እጇን እንደ ባለጌ ልጅ ገላምጣው መልሳ ተቀመጠችበት።