ፍሪጅ ያደረች ልጅ

ሕሩይ ቪትዟን በኤሊ ፍጥነት እየነዳ ከሲግናል ወደ የካ ሊታጠፍ ሲል ከኋላው ያለው ሚኒባስ ክላክሱን ለቀቀበት። ወያላው በመስኮት ብቅ ብሎ፣ «ወንድም፣ እንቁላል ነው እንዴ የጫንከው?» አለው።

«አዎ» አለ ሕሩይ፣ ኮስተር ብሎ።

ሚስቱ ወርቅውሃ ከጎኑ ሆና ሳቋን ዋጠችው። ዶክተሯ እኮ «እንደ ልብሽ ተራመጂ፣ ብታስነጥሺም አይወድቅም» ብላታለች። እሷ ግን ከክሊኒኩ ከወጣች ጀምሮ ማስነጠስ በመጣባት ቁጥር አፍንጫዋን ጥርቅም አድርጋ ትይዛለች።

ነገሩ ምን መሰላችሁ፣ የእሷ እንቁላልና የሕሩይ ዘር የተገናኙት እንደ ወጉ አልጋ ላይ አይደለም፤ ላቦራቶሪ ውስጥ፣ አንዲት ትንሽ ሳህን ላይ ነው። በዚያች ሰዓት ሕሩይ ወሰን ሰፈር ባለው ጋራዡ ውስጥ የሰው መኪና ፍሬን ይጠግናል። እጁ ግራሶ በግራሶ ሆኖ አባት ሆነ በቃ። አንዷ ሴል ለሁለት ተከፈለች፣ ሁለቱ አራት፣ አራቱ ስምንት፤ ከዚያ እንጆሪ መሰለች፣ ከዚያ ደግሞ ሆዷ ውሃ የቋጠረ ኳስ። ኳሷን አቀዘቀዟት። ዛሬ አቅልጠው ወርቅውሃ ማህፀን ውስጥ አስገቧት።

«አሁን ከሽፋኗ ፈልቅቃ ትወጣለች፤ ከዚያ የማህፀኑን ግድግዳ ሰርስራ ትገባና ትተከላለች» አለች ዶክተሯ ከመውጣታቸው በፊት።

«የጨረቃ ቤት ልትሠራ ነዋ» አለ ሕሩይ። «አፍራሽ ግብረ ኃይል እንዳይደርስባት እንጂ።»

ወርቅውሃ አልሳቀችም። ከዚህች በፊት የገቡት ሁለቱ ሳይይዙ ቀርተዋል። ይቺ የመጨረሻዋ ናት። ሌላ የተቀመጠ የለም።

ግቢ ሲገቡ የሕሩይ እናት እማማ ደብሪቱ ቢጫ ጀሪካን ይዘው በር ላይ ቆመዋል። ስለ ክሊኒኩ አያውቁም፤ ባልና ሚስቱ በወጡ ቁጥር «ጥርስ ነው» ነው የሚሏቸው።

«ነገ እንጦጦ ጸበል እንገባለን» አሉ። «ሱባኤ ነው፣ ሰባት ቀን። አስረሳሽ ልጇን እንዴት እንዳገኘች ታውቂያለሽ።»

ወርቅውሃ በደንብ ነው የምታውቀው። ጎረቤታቸው አስረሳሽን ያገኘቻት ክሊኒኩ መጠበቂያ ክፍል ነው። ሁለቱም በነጠላ ተሸፋፍነው፣ ሁለቱም «ጥርሴን አሞኝ» ተባብለው ተለያይተዋል።

«እማማ፣ ይሄን ሳምንት እንኳ ይለፈኝ። ጥርሴን…»

«ጸበሉ የሚፈሰው ጥርስሽ ላይ አይደለም። ደግሞ ይሄን ያህል ተመላልሰሽ አንድ እንኳ አልጎደለሽ።»

የእንጦጦን ውሃ ቅዝቃዜ ወርቅውሃ ታውቀዋለች። አምና ስትጠመቅ ነፍሷ ወጥታ ባሕር ዛፍ ላይ ተሰቅላ ነበር። ሕሩይን አየችው። ሕሩይ በርከክ ብሎ ምንም ያልሆነውን ጎማ መመርመር ጀመረ። እሷው አወጣችው እንግዲህ፤ ሳህኑንም፣ ኳሷንም፣ ሁሉንም ነገረቻቸው።

«ብርድ እንዳይመታት ፈርቼ ነው» አለች በመጨረሻ።

እማማ ደብሪቱ ጀሪካኑን መሬት አስቀመጡ። «ፍሪጅ ውስጥ ነው ያልሽኝ?»

«ከፍሪጅም ይብሳል እማማ። ከበረዶም ይብሳል።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመስቀል።»

«እና ከመስቀል እስከ ዛሬ ከበረዶ የባሰ ውስጥ የተኛች ልጅ፣ የእንጦጦ ውሃ ይበርዳታል?»

ከጎማው ሥር ሳቅ ተሰማ። «አንተ ዝም በል» አሉት፣ «ልጅህ ስትፀነስ እንኳ ያልተገኘህ።»

ከዚያ ለስለስ አሉ። «በይ አንቺ አረፍ በይ። እኔ በስምሽ እጠመቅልሻለሁ።»

«በዚህ ዕድሜሽ ለማህፀን ልትጠመቂ?» አለ ሕሩይ። «አጥማቂው አባ ሠረቀብርሃን ምን ይሉሻል?»

«ምን ይላሉ፤ ሣራም አርጅታ ነው የወለደችው።»

በማግስቱ እማማ ደብሪቱ የእንጦጦን ዳገት በዚያ ጉልበታቸው ወጥተው ወረዱ። ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ፣ ቀሚሳቸው እግራቸው ላይ ተጣብቆ ገቡና ከጀሪካኑ አንድ ብርጭቆ ቀዱላት። ወርቅውሃ ግጥም አድርጋ ጠጣች።

«ጎሽ። የክሊኒኩን መድኃኒት ግን ሱባኤው እስኪያልቅ ተዪው። ከጸበል ጋር አይደባለቅም። አስረሳሽም የሐኪም መድኃኒት የሚባል ትታ ነው የያዘላት፤ ማርያምን ብላ ምላልኛለች።»

ወርቅውሃ የዛሬውን መድኃኒት ወስዳ ጨርሳለች። ዶክተሯ «እሱ ከቀረ ግድግዳው ራሱ ይፈርሳል» ብላታለች፤ ስለዚህ የምትተወው ነገር አይደለም። እውነቱን ብትናገርና ኳሷ ባትይዝ፣ «ደባልቃ አበላሸችው» ተብሎ ተዝካሯ ላይ ሳይቀር ይወራል። ብትዋሽና ኳሷ ብትይዝ ደግሞ፣ እማማ ደብሪቱ የካን በሙሉ ዞረው «መድኃኒቷን ትታ ነው» ይላሉ፤ ነገ ሌላ ልጅ የጠማት ሴት ያንን ሰምታ የምር ትተዋለች። አስረሳሽን «ውሸቷን ነው፣ ክሊኒክ አግኝቻታለሁ» ብላ ታጋልጣት እንዳይሆን፣ የሰው ገመና ነው።

«ትተሻል አይደል?» አሉ አሮጊቷ፣ ከፀጉራቸው ውሃ እየተንጠባጠበ። «እስቲ ማርያምን በይ።»

ይቺው ማርያም ደግሞ ወርቅውሃ ከትናንት ጀምሮ «አስይዢልኝ» እያለች የምትለምናት ናት።

እናንተ ብትሆኑ ምን ትመልሱላቸው ነበር?