ከደረት የወረዱ ባጆች

«ይህ ባጅ የማን ነው?»

እንዲህ ብላ የጠየቀችኝ ከመንግሥት የጨረራ ቁጥጥር መሥሪያ ቤት የመጣች ተቆጣጣሪ ናት። ባጁ እጄ ላይ ነው፤ ወደ መዳፌ በዞረው ገጹ ስም ተጽፎበታል። እኔ ግን ያኔ ማንበብ አልችልም ነበር።

የምሠራው ያረጀ የጨረራ ዝቃጭ ከጉድጓድ እየወጣ በሲሚንቶ በሚታሸግበት ግቢ ነው። ልብስ መቀየሪያውን ክፍል አጸዳለሁ። ልጄ ጉድጓድ ከሚወርዱት አንዱ ነው። ባጁ ሠራተኛውን ምን ያህል ጨረራ እንዳገኘው ይመዘግባል፤ ከደረት መውረድ የለበትም። ይህን ማን ነግሮኝ! ሠራተኞቹ ያሉኝ «አቧራ ያበላሸዋል» ነው። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ከጉድጓዱ ሠራተኞች እየተቀበልኩ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልዬ አስቀምጥላቸው ነበር። «የባጅ ሞግዚት» እያሉ ሲቀልዱብኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ተቆጣጣሪዋ ስትጠይቀኝ አጠገቤ የቆመው የፈረቃ አለቃ ቀደመኝና «ትርፍ ባጅ ነው» አላት። ያለውን ጽፋ ሄደች።

እኔን ግን ነገሩ ከነከነኝ። ትርፍ ከሆነ ለምን በየቀኑ ይሰጡኛል? ልጄን ብጠይቀው፣ «ተይው እማዬ፣ አንቺ ደግሞ የማትጨነቂበት ነገር የለም» ብሎ ሳቀብኝ። በማግስቱ የጎልማሶች ትምህርት ተመዘገብኩ። አስተማሪዋ ስሜን ልታስጽፈኝ ስትል የልጄ ይቅደም አልኳት።

በአምስተኛው ወር አንዱን ባጅ ከጨርቁ ውስጥ አንስቼ ፊደል በፊደል አነበብኩት። የልጄ ስም ነው። ልጄ በዚያ ሰዓት ጉድጓድ ውስጥ ነው። ወደ ጉድጓዱ በሚያስገባው በር ላይ የተለጠፈውንም አነበብኩ፤ ያለ ባጅ መግባት ክልክል ነው ይላል።

ሲወጣ ጠብቄ ያዝኩት። ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ነገረኝ። ባጁ ላይ የተመዘገበው ጨረራ ከተፈቀደው ልክ ካለፈ ሠራተኛው ከጉድጓድ ይታገዳል፤ አለቃው ደግሞ የታገደ ሰው ኮንትራቱ አይታደስም ብሏቸዋል፤ ባጁን እኔ ጋ ትተው የሚወርዱት ለዚህ ነው።

«ብትናገሪ እናቴ አይደለሽም» አለኝ።

ያን ሳምንት እህል አልበላ አለኝ። ባሳለው ቁጥር ከመቀመጫዬ እነሣለሁ፤ ውሃ ጠጣ እለዋለሁ፤ ደግሞ እቀመጣለሁ።

ተቆጣጣሪዋ ተመልሳ ስትመጣ ጨርቁን ፊት ለፊቷ ፈታሁት። ዘጠኝ ባጅ። ስማቸውን አንድ በአንድ አነበብኩላት። ድምፄ እንዳይከዳኝ ፈርቼ የልጄን መጨረሻ አደረግኩት።

ሥራው በዚያው ቀን ቆመ። ዘጠኙም ደማቸው ተመረመረ። ሐኪሙ ልጄን «ሳይብስብህ ተደርሶልሃል፣ ግን ከእንግዲህ ጉድጓድ አትወርድም» አለው።

አለቃው ተባረረ። ልጄ ልብሱን ከቤቴ ሰብስቦ እህቱ ቤት ገባ። እኔ እዚያው ግቢ፣ ጽዳቱ ላይ ቀረሁ።